ጥፍር የማይይዘው ቤት

«ሕፃኑን ማን ወሰደው?» አለ ኢንስፔክተር አራጋው፣ ትንሿን አልጋ እያየ።

«የምን ሕፃን?»

«የሟቿ ነዋ! ባለፍራሽ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣጡበት ደረጃ፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት…»

አናጢው ሙሐመድሁሴን ሳቁን በመዳፉ ከለለ። «ኧረ ኢንስፔክተር፣ የድመቷ ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት።»

አራጋው የአልጋዋን ፍራሽ በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ሃያ ዓመት ሌባ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው፤ የእሱ ሴት ልጅ ግን እስካሁን ከእናቷ ጋር ነው የምትተኛው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ስለነበር አውራ ጣቱ ከካልሲው ወጥታ የሚያብረቀርቀውን ወለል ትጎበኛለች።

ሟቿ መስኡዳ ኩዌት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታ ሐይቅ ከተማ የገባችው ጦርነቱ ከከተማዋ በወጣ ማግስት ነበር። በላቧ ያሠራችው ቤት መስታወቱ ረግፎ፣ ግድግዳው በከባድ መሣሪያ ተበስቶ ጠበቃት። አላለቀሰችም። ቀዳዳውን አራት ማዕዘን አስደርጋ የላስቲክ መዝጊያ አንጠለጠለችበትና የድመቷ መግቢያ አደረገችው። ቀድሞ በዚያ ክፍል ወንድሟ ባድሩ፣ ሚስቱ ሙጂባና አራት ልጆቻቸው ይተኙ ነበር። እነሱን ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ አወረደቻቸው።

ትናንት ማፍጠሪያ ላይ መስኡዳ ሁለት ጉርሻ አሣ እንደበላች ወደቀች። አስከሬኗ ደሴ ሄዶ፣ ሐኪሙ «መርዝ ነው» ሲል በስልክ ተናገረ። ድመቷም ከአሣው ሳህን አጠገብ ሞታ ተገኘች። ለጎረቤቱ ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገውም፤ አሣውን የጠበሰችው ሀዲያ ናት። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ ቤቱን የምታገለግል ልጅ ናት። አሁን እጇን በገመድ ታስራ በር ላይ ተቀምጣለች። ከቀትር በኋላ መኪናው ወደ ደሴ እስር ቤት ይወስዳታል።

አራጋው አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አሣውን ማን ነካው?»

«ከእኔ በቀር ማንም።»

«ልጄ፣ መልስሽ እኮ ራስሽን እየሰቀለሽ ነው።»

«ታዲያ በጾም አፌ ልዋሽ?»

«ከአሣው በፊትስ ምን ቀመሰች?»

«ሦስት ተምር። ከሰርቪስ የመጣላትን አብሽም ጠጣች። ከዚያ ሰግዳ ነው ለአሣው የተቀመጠች።»

«የአብሹ ብርጭቆ የታለ?»

«ታጥቦ አገኘሁት። ወላሂ እኔ አላጠብኩትም።»

ሙጂባ ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ስንዴ ትለቅማለች። ቀና አላለችም።

«ድመት ሐይቅ እያየች ስትተኛ የእኔ ልጆች ቆርቆሮ እያዩ ያድራሉ። አላህ ይዘንላት። እንባ ግን ከእኔ አትጠብቅ፣ ጌታው።»

«አብሹን ማን አዘጋጀ?»

«እኔ። ከዚያው ጆግ እኛም ጠጥተናል፤ ይኸው አለን።»

«ማን አደረሰላት?»

«ባድሩ ነዋ፤ ወንድሟ አይደል?»

አራጋው ድመቷ የተጠቀለለችበትን ማዳበሪያ ፈታ። «ሙት ድመትም ይመረመራል?» አለ አናጢው። አራጋው አፏን ገለጠ፤ አንገቷን ያዝ አድርጎ አዞረ። ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሳሎን ገብቶ በጉልበቱ እየዳኸ ሶፋውን በገዛ ጥፍሩ ቧጨረው።

«አያ ሙሐመድሁሴን፣ እዚህ ቤት የሱፍ ክር ያለው ምን ዕቃ አለ?»

«ምንም! ‹ጥፍር የሚይዘው ነገር ቤቴ አይግባ› ብላ ስታሳብደኝ ነው የከረመች። ሶፋው ጥብቅ ከፋይ ነው። ምንጣፍ የለ። መጋረጃው ወለል አይነካ። መስገጃዋን እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የምትቆልፈው።»

አራጋው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ሀዲያ ከነገመዷ ቆመች። ባድሩ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ጥግ ያዘ፤ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል።

«አሣው ነው ያልነው ድመቷ ስለሞተች ነው፤» አለ አራጋው። «ድመቷ ግን አላስታወከችም፤ አንገቷ ነው የተሰበረው። ሰብሮ ሳህኑ አጠገብ ያስቀመጣት ሰው አሣው እንዲከሰስ ፈልጓል። አሣው እንዲከሰስ የሚፈልግ ደግሞ መርዙ ሌላ ቦታ እንደነበረ ያወቀ ነው። አብሽ መራራ ነው፤ የጨመሩበትን ይደብቃል። ጆጉ ንጹሕ ስለነበር የሰርቪሱ ሰው ተርፏል፤ የተመረዘው የእሷ ብርጭቆ ብቻ ነው። ያደረሰላት ባድሩ ነው።»

«አደረስኩ፤ መረዝኩ ማለት ነው?» አለ ባድሩ።

«አይደለም። በድመቷ ጥፍር ውስጥ ግን ቡናማ የሱፍ ክር አለ። ቤቱ ደግሞ ክር የለውም። እስቲ እጅጌህን ሰብስብ።»

ባድሩ አልሰበሰበም። አናጢው ጎተተለት። ከአንጓው እስከ ክርኑ አራት ቀይ ሰንበር ወርዷል፤ የእጅጌው ጫፍም ተተርትሯል።

«ማታ የለበስከው፣ ዛሬም በዚህ ፀሐይ ቁስሉን ለመሸፈን ያላወለቅከው ሹራብ መሰከረብህ፤» አለ አራጋው። «ሀዲያን የመረጥካት ደግሞ የሚከራከርላት ዘመድ ስለሌላት ነው።»

ባድሩ ወደ ጣሪያው አየ። «ልጆቼን አስወጥታ ድመት ያስገባች… እህት ናት?»

ሙጂባ የቀሚሷን ጫፍ ነከሰች።

ገመዱ ተፈታ፤ ካቴናው ተቆለፈ። ባድሩ ሲያልፍ ሀዲያ ፊት ቆም አለ።

«ሀዲያ፣ አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ። ረመዳን እኮ ነው።»

እሷ ገመዱ የገመጠውን አንጓዋን እያሻሸች ቀና ብላ አየችው።

«ላፍጥርና አስብበታለሁ።»