ከዕንቁው በፊት ያለው መስመር

«አሁን እኔ ባስቲያን ነኝ» አለች ዮካቤድ፣ ክንዶቿን አጣምራ። «መጽሐፋችሁ ‹አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የጣለውን ብታገኙ ለራሳችሁ አድርጉት› ይላል። ይላል ወይስ አይልም?»

እሷና ቲርጻ እሑድ እሑድ ታልሙድን፣ የአይሁድ ሊቃውንትን የሕግ ክርክር መጽሐፍ፣ ሲያጠኑም እንዲሁ ነው። አንዷ ታነባለች፤ ሌላዋ ያለ ርኅራኄ ትሟገታለች። የማይሟገት የጥናት ጓደኛ አይረባም። የክፍል ጓደኛቸው ባስቲያን ያንን መስመር በስልክ ለክፍሉ ሁሉ ከላከ ወዲህ ግን ነገሩ ጥናት መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት አንዱ እስክሪብቶ ሲወድቅበት፣ «ቲርጻ ሳታየው ቶሎ አንሳው!» ብለው ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። መምህሯ ቲርጻ ደወሉ እንደተደወለ ለክፍሉ መልስ እንድትሰጥ ፈቅደውላታል።

«አይልም» አለች ቲርጻ። «ይልቅ የአንድ ሊቅ ታሪክ አለ። ደቀ መዛሙርቱ ከዓረብ ነጋዴ አህያ ገዙለት፤ አንገቷ ላይ ዕንቁ ታስሮ ተገኘ። ‹እኔ የገዛሁት አህያ ነው፤ ዕንቁ አልገዛሁም› ብሎ ዕንቁውን ለነጋዴው መለሰለት።»

«በቃ! ይቺን ብቻ ንገሪያቸው። መስመሩን እንደሆነ ማን አንብቦ ያጋልጥሻል?»

«ይሄን ያለው ባስቲያን ነው ወይስ ዮካቤድ?»

ዮካቤድ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ዮካቤድ ናት። ፈርቼልሽ እኮ ነው፣ አንቺ።»

ቲርጻ ከቤት ተሸክማ ያመጣችውን ከባድ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ገለጠች። መስመሩ አለ። ከሥሩ የሌላ ሊቅ ቃል አለ፤ የእግዚአብሔርን ስም የሚያሰድብ ከሆነ ለራስ ማድረጉ ክልክል ነው ይላል። መጽሐፉ ያን ሁሉ ዘመን በእጅ ሲገለበጥ፣ ጸሐፊዎቹ አንዱን ለሌላው ሲሉ የፋቁት የለም። ባስቲያን የታችኛውን ቆርጦ ጥሏል። እርሷ ደግሞ የላይኛውን ልትቆርጥ ነበር።

ደወሉ ተደወለ።

ክፍል ስትገባ ባስቲያን የእርሳስ መያዣውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «ጠብቁ ንብረታችሁን!» ሳቁ ከኋላ ወንበሮች ተነሣ። ዮካቤድ ከበሩ ሳታልፍ ቆማ ታያታለች።

ቲርጻ መጽሐፉን በባስቲያን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጣቷን በላይኛው መስመር ላይ አኖረች።

«ይላል» አለች። «ወንበርህን አቅርብ። አንተ ተሟገተኝ፤ እኔ እስከ ታች አነባለሁ።»