ላይኛው ረድፍ፣ ታችኛው ረድፍ

መምህሩ የሞቱት ሰፈሩ በሙሉ በሩን በሚቀባበት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የራሳቸው በር ግማሹ አዲስ አረንጓዴ፣ ግማሹ የአምናው እንደ ሆነ ቀረ።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ መስኮት በሌላት የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በብረቱ መደርደሪያ ሥር ተጋድሟል። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገባቸው አጭር መሰላል ወድቆ፣ በዙሪያው ወረቀት ተበትኗል።

«ላይ ላዩን ሲያዩት ከመሰላል የወደቁ ይመስላሉ» አለ ሃምሳ አለቃው። «እኔ ግን አልተሸወድኩም። አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ትናንት ሲጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል። ቤቱንም የሚወርሰው እሱ ነው። ካቴና አስገብቼለታለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ሲመጣ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ማን አገኛቸው?»

«እሱው ራሱ። ‹መብራት አብርቼ ስገባ ወድቀው አየሁ› ይላል።»

«ጠፍቶ ነበር ማለት ነው?» አለች መርማሪዋ። ቀና ብላ አምፖሉን አየች። «በጨለማ መሰላል ላይ የሚወጣ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?»

ሃምሳ አለቃው ጆሮውን አከከ። «ይኸው፣ ገፍቶ ጣላቸውና አጥፍቶ ሄደ!»

እሷ ወጥታ በሩን ዘጋችና ፊት ለፊት ቆመች። ማብሪያው ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። በስተግራ ምንም የሌለበት ባዶ ግድግዳ አለ። እዚያ ባዶ ግድግዳ ላይ፣ በደረት ቁመት፣ ሦስት አረንጓዴ የጣት ምልክቶች ወደ ታች ተጎትተዋል።

«እሱን ተይው አለቃዬ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ዛሬ በዚህ ሰፈር እጁ አረንጓዴ ያልሆነ የለም። የኔን ጫማ አታይም?»

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ብሩሽ ይዞ ስለ ነበር፣ ሳይታይ የሚገባም የሚወጣም አልነበረም። ወደ መምህሩ ቤት የሄዱት ሦስት ብቻ መሆናቸውን መንገዱ በሙሉ መስክሯል፤ የእህታቸው ልጅ፣ አጥር የሚጋሯቸው ልብስ ሰፊዋና ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት የሰፈሩ ሊቀ መንበር።

ወጣቱ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነው። በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«በአምፖል!» አለ። «የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳላጠፋ ወጣሁ ብለው። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄው ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት መብራት አብርቶ የሚረሳ ሰው አይገደልም!» ከአፉ ያመለጠውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ... ከጋሼ ሌላ ዘመድ የለኝም።»

ልብስ ሰፊዋ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ብሩሻቸው እጃቸው ላይ ደርቋል።

«እትዬ፣ እዚህ ሰፈር ሰው በመብራት ይጣላል እንዴ?»

«አይ ልጄ፣ ታሪኩን ስለማታውቂ ነው። ሰፈሩ ሲቆረቆር ለስልሳ ቤት የነበረን ቆጣሪ አንድ ነው። አንዱ ካባከነ ሁሉም ይጨልማል። መብራት ሳያጠፋ የወጣ ሰው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይጠርግ ነበር። ልጆቻችን ‹እማዬ› ከማለታቸው በፊት ‹አጥፉ› ማለት ነው የለመዱት። ዛሬ ቤቱ ሲቃጠል እንኳን አጥፍተን ነው የምንወጣው።»

«ቤቶቹስ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?»

«የእኛ የላይኛው ረድፍ አንድ ነው። ታችኛው ረድፍ የኛ ግልባጭ ነው፤ በኛ ቀኝ ያለው በነሱ ግራ። እህቴ እዚያ ማዶ ናት፤ ጓዳ እገባለሁ ብዬ ስንቴ መታጠቢያ ቤት ገብቻለሁ መሰለሽ!» መሳቅ ጀመሩና አቆሙ።

«መምህሩ ጋ ለምን ሄዱ?»

ሴትዮዋ ብሩሹን አስቀመጡት። «የሰፈሩን ታሪክ ይጽፉ ነበር። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት የውሃ ቦይ ስንቆፍር ቦዩ ተደርምሶ ሁለት ልጆች ሞቱ። የመደገፊያውን እንጨት አስነቀለ ተብሎ ጣት የተቀሰረው ባሌ ላይ ነው። አንገቱን ደፍቶ ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ሞተ። ያንን ምዕራፍ እንዲተዉልኝ ለመንኳቸው። ጠዋት ሄጄ እንደገና ብለምናቸው ሳቁና ‹አንቺ ነሽ እንዲቀር የምትፈልጊው? በርሽን ጨርሺና ነይ፣ አነብልሻለሁ› አሉኝ። ጨርሼ ስመጣ ጩኸት ሰማሁ።»

«ያ ምዕራፍ የለም» አለ ሃምሳ አለቃው ከኋላ። «ገጹ ከሃያ ሦስት ወደ ሠላሳ አንድ ይዘላል።»

ሊቀ መንበሩን ሰፈሩ «የውሃ አባት» ይላቸዋል። ሽበታቸውና ቁመታቸው ቆሞ ማዳመጥን ያስገድዳል።

«ከደጃፍ አላለፍኩም ልጄ» አሉ። «ብሩሽ ተዋስኩና ተመለስኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል።»

«ውሃውን ያስገቡት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ያስገባው ሰፈሩ ነው። እኔ ፊት ፊት ሄድኩ እንጂ።»

ለስድስት ሩብ ሲቀር አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። መርማሪዋ ሦስቱንም ሰብስባ በዕቃ ክፍሏ ውስጥ አቆመቻቸው። መደርደሪያውን፣ መሰላሉን፣ ወለሉን ስታይ ቆየች። ሹፌሩ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰምቶ ዐይኑን ጨፈነ።

«ይበቃል፣ እንውጣ» አለች ድንገት። «አባባ፣ መጨረሻ ሆነው በሩን ይዝጉልን።»

ተራ በተራ ወጡ። ሊቀ መንበሩ መጨረሻ ወጡና ዞረው በሩን ሳቡ። እጃቸው ሳይጠየቅ ተነሣ፤ ከበሩ በስተግራ ያለውን ባዶ ግድግዳ ዳሰሰና በሦስቱ አረንጓዴ ምልክቶች ላይ አረፈ።

ሊቀ መንበሩ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት።

«ሠላሳ አራት ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም» አለች መርማሪዋ። «ልጁ ገድሎ መሰላሉን አጋድሞ ቢሆን ኖሮ ‹መብራቱ በርቶ ነበር› ይለን ነበር። የመሰላሉን ተረት የሚያፈርስ ቃል በገዛ አፉ አይነግረንም። ደግሞ መብራት ማጥፋት ሁለት ዓመት ተቆጥተውት ያልለመደው ነገር ነው። እዚህ ሰፈር የኖረ ሰው ግን ገድሎም ቢሆን ያጠፋል። ከሦስቱ እዚህ የኖሩት ሁለት ናቸው። እትዬ የላይኛው ረድፍ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከዚህ ቤት ጋር አንድ ስለሆነ ማብሪያውን ዐይናቸውን ጨፍነው ያገኙታል። በስተግራ ፈልጎ ሲያጣ ወደ ቀኝ የዞረው እጅ ከማዶ የመጣ ነው። ከደጃፍ አላለፍኩም ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

ሃምሳ አለቃው ቁልፉን አውጥቶ ካቴናውን ከወጣቱ እጅ ላይ ፈታ። ወደ ሽማግሌው ሲራመድ ግን እንደ ማፈር አደረገው።

«እንጨት አጠረን» አሉ ሊቀ መንበሩ። የሚያወሩት ለልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበር። «ከኋላ ነቅላችሁ ፊት ትከሉት ያልኩት እኔ ነኝ። ባልሽ አይሆንም ብሎኝ ነበር። ውሃው በሳምንቱ ገባ፤ ሰውም ተሸከመኝ። ከትከሻ ላይ ሆኖ ይህን ነገር መናገር... መምህሩ እማኝ አግኝቶ ጻፈው። ቀዳድልኝ አልኩት፣ እንቢ አለኝ፣ ገፋሁት። ብረቱ መታው። ልገድለው አልመጣሁም።»

«በየማለዳው ደጄ ላይ ቆመህ ‹እንዴት አደርሽ› ትለኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። አንቱታው ከአፋቸው ጠፍቷል። «ወረቀቱን አምጣ።»

ሽማግሌው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፉ ገጾች አወጡ። ሴትዮዋ ተቀብለው መርማሪዋን አዩ። «ማስረጃ ነው፣ ትወስጂዋለሽ። መጀመሪያ ግን ይነበብ።»

መርማሪዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

በሩ ላይ ከሁለቱም ረድፍ የመጣ ሰው ተጠቅጥቆ ነበር። ሴትዮዋ ገጾቹን የእጁን አንጓ ለሚያሻሸው ሹፌር ሰጡት።

«አንተ አንብበው፣ የአጎትህ ጽሑፍ ነው። ጮክ ብለህ፣ እነሱም ይስሙ።»

ወጣቱ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። «ምዕራፍ አምስት፣ ስለ ውሃው ቦይ» ብሎ ጀመረ።

«እሱን ዝለለው» አሉት። «ባሌ ያለበት ጋ ሂድ። ከስሙ ጀምር።»