ከዳማው ፊት የሮጠው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጎረቤቴ በመሸ ቁጥር ደጃፏ ላይ ጨው ስትበትን እንኳ ለወጥሽ ብታስቀምጭው አይሻልሽም ወይ እያልኩ የምስቅባት ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ጠበል እጠጣለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ግን ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነው እል ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ አጻጻፌ ቢዛባ አትፍረዱብኝ፣ የሆነውን ግን ምንም ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ።

የምኖረው ጠዳ ነው፣ ጠላ ጠምቄ እሸጣለሁ። ባሌ የሞተው በፈረስ ግልቢያ ነው። ከጥምቀት በኋላ ከከተማው ወዲያ ባለው ሜዳ በየዓመቱ ትልቁ ግልቢያ ይደረጋል፣ ከወገራም ከደምቢያም ፈረሰኛ ይመጣል፣ የእኔ ሰው ያን ቀን መሀል ላይ ነበር፣ ፈረሱ ተደናቅፎ ጣለው፣ ከኋላ የሚመጡት ማቆም አልቻሉም። ሳምንት ተኝቶ አረፈ። ልጃችን ማሩ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፣ ከፊት ያለውን የሚረግጠው የለም።

ማሩ አድጎ እንደ አባቱ ፈረስ ወደደ። ለምኜዋለሁ፣ እግሩ ላይ ወድቄ አልቅሻለሁ፣ እሺ እማ ይለኛል፣ ጥር ሲገባ ከጠዳ አዘዞ የሚመላለስበትን ባጃጅ አቁሞ ፈረስ ላይ ይወጣል። ደግሞስ ሲጋልብ ብታዩት፣ እናቱ ስለሆንኩ አይደለም፣ ከወገብ በላይ ውሃ የተሸከመ ሰው ይመስል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ፣ እየፈራሁም ቢሆን ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። እንግዲያው ካልቀረ ፊት ፊት ይሂድልኝ አልኩና የሚያሸንፈውን ፈረስ መለየት ተማርኩ።

እንዴት መሰላችሁ፣ ግቢዬ ውስጥ ረጅም የእንጨት ገንዳ አለ፣ የጠላውን አተላ በውሃ አቅጥኜ እሞላበታለሁ፣ በግልቢያው ዋዜማ ባለፈረሶቹ ቤት ገብተው ጠላቸውን ሲጠጡ ፈረሶቹ ከገንዳው ይጎነጫሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ፈረሶች ማን ማንን እንደሚበልጥ ለራሳቸው ያውቁታል፣ እመኑኝ፣ የገንዳውን ራስጌ የሚለቁለት አንድ አለ፣ እሱም አይጣደፍም፣ ጎንጨት ይልና ቀና ብሎ ያያል። ደግሞ እርጥቡ መሬት ላይ ዱካቸውን አያለሁ፣ የኋላ እግሩ የፊተኛው ከረገጠበት አልፎ ካረፈ እርምጃው ረጅም ነው ማለት ነው፣ ሁለት ጣት ካለፈ ሸጋ ፈረስ ነው፣ አራት ጣት ካለፈ አትጠራጠሩ፣ ያሸንፋል። ማሩም ያልኩትን ይዞ ነው የሚወጣ፣ ተሳስቼበትም አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ፈረሳቸውን እንዲጋልብላቸው ማሩን ሁለት ሰው ፈለገው። አያ ሞላ የሚባሉት ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ የሚመስል አምባላይ አላቸው፣ ነጭ ፈረስ ማለቴ ነው። አያ አንዳርጌ ደግሞ ጠይም ቀይ ዳማ ፈረስ አላቸው፣ ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ሳይነቋቆሩ ውለው አያውቁም።

«አንች ጌጤ፣ ልጅሽን ለእኔ ነው የምትሰጭኝ» አሉ አያ ሞላ ገና ከመቀመጣቸው።

«ያንተ ፈረስ ሙሽራ ሲጭኑበት ነው የሚያምር፣ ምነው ሜዳ አውጥተህ ታቆሽሸዋለህ?» አሉ አያ አንዳርጌ።

«ያንተ ዳማ ደግሞ አምና ዳገቱ ላይ ሲያስል ሰምቼዋለሁ።»

«ያሳልኩት እኔ ነኝ፣ ፈረሱ ሲስቅብህ ነበር።»

ማሩ እየሳቀ ወደ በሩ መጣና በጆሮዬ፣ «እማ፣ ሳይመሽ ለአንዳቸው ቃሌን መስጠት አለብኝ፣ እይልኝ» አለኝ።

ጀምበሯ ወደ መጥለቁ ብትሆንም ገና ብርሃን ነበር፣ የአጥሩን እሾህ አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ። ገንዳውን ሞልቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ግቢው ውስጥ ስድስት ፈረስ አለ፣ እንዲጠጡ የሁሉም ልጓም ወልቆ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ይህን ልብ በሉልኝ። አምባላዩ ራስጌውን ይዞ ሁሉም መጠጣት እንደጀመሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ፈረስ ሲጠጣ ድምፅ አለው፣ ድምፁ ሲቋረጥብኝ ቀና ብዬ አየሁ፣ ስድስቱም ራሳቸውን ከገንዳው አንስተው ጆሯቸውን ወደ ግቢው መግቢያ ቀስረዋል። መግቢያው ላይ ማንም የለም።

ከዚያ የልጓም ድምፅ ሰማሁ፣ ፈረስ ብረቱን በጥርሱ ሲያላምጥ የሚያሰማውን ቅጭልጭል የሚል ድምፅ። ዞሬ አጥሩን ባይ የተሰቀሉት ልጓሞች አንዱም አይነቃነቅም። ድምፁ ግን ቀረበ፣ በፊቴ አለፈ፣ ሲያልፍም ከሩቅ አገር የመጣ ፈረስ ላብ ሸተተኝ፣ ሙቀቱ ጉንጬን ነካኝ፣ በእመብርሃን ስም እምላለሁ ነካኝ። አምባላዩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሳይደነብር፣ ሳይዘል፣ ትንሽ ልጅ ሽማግሌ ሲመጣ ከወንበሩ እንደሚነሣው። ሌሎቹም ተከተሉት። ራስጌው ባዶ ሆነ፣ አተላው ግን መውረድ ጀመረ።

መጮህ ነበረብኝ፣ አልጮህኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁና አጠጣጡን እያየሁ ነው የቀረሁ። የሚታይ አፍ የለም እንጂ አተላው ላይ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ ጉንጭ፣ ጉንጭ፣ ከዚያ ቆም ይላል፣ ቀና ብሎ ዙሪያውን ያየ ያህል፣ ደግሞ ጉንጭ። ስንት ፈረስ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ረጋ ብሎ፣ እንደዚያ ተከብሮ የጠጣ አላየሁም። አቤት ሸጋ ነገር እል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዳማው ብቻውን ቀስ ብሎ ቀረበና ከባዶው ቦታ ጎን አፉን አግብቶ አብሮ ጠጣ። አምስቱ ቆመው ጠበቁ።

ቅጭልጭሉ ሲርቅ አያ አንዳርጌን ጠርቼ ከገንዳው እስከ መግቢያው ያለውን እርጥብ መሬት፣ «ይኸን ይዩልኝ» አልኳቸው። አዲስ ዱካ አለ፣ የኋላ እግሩ ከፊተኛው አንድ ክንድ ሙሉ አልፎ ነው ያረፈው። ክንድ ነው ያልኩት፣ ጣት አይደለም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ለኩት፣ ደግመው ለኩት፣ የማያልቅባቸው ቀልድ ያን ቀን አልቆባቸው በጫማቸው አጠፉት።

«ለልጅሽ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ፈረሰኛ ይህን ከሰማ እንቅልፍ የለውም።»

አልነገርኩትም። ዳማውን ያዝ ብቻ አልኩት፣ አብሮ የጠጣው እሱ ነውና።

በማግስቱ ሜዳው በሰው ጥቁር አለ። ሌላ ጊዜ ፊቴን በነጠላ እሸፍን ነበር፣ ያን ቀን ግን አየሁ። ሲለቀቁ ዳማው ወዲያው ወጣ፣ ከሁሉም ፊት፣ ማሩዬ ቀጥ ብሎ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሴቱ እልል አለ፣ እኔ ራሴ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ በኩራት አለቀስኩ። አንድ ነገር ብቻ ደስ አላለኝም፣ መንገዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ዳማው መሀሉን ትቶ በዳር በኩል ነው የሚሮጠው፣ አጠገቡ የአንድ ፈረስ ስፋት ያህል ባዶ ትቶ። ከኋላ ያሉትም ያንን ባዶ አንዱም አልገባበት።

መስመሩን አልፎ ሲቆም ወጣቶቹ ሊሸከሙት ሮጡ፣ እሱ ገፈተራቸውና ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ እንባው ይወርዳል። እየተጋፋሁ ደረስኩ።

«ምነው ልጄ፣ ተመታህ?»

«ጥቂት ቀርቶኝ ነበር እማ፣ ጥቂት» አለኝ። «ጅራቱን ልነካው ነበር።»

«የማንን?»

«ከፊቴ የነበረውን ነዋ። ማን ነው እሱ? የየት አገር ሰው ነው?»

አያ ሞላ ከኋላዬ ሆነው ሳቁ፣ «ከፊትህማ ዳኛው ብቻ ነው የነበረ፣ እሱን ለመቅደም ነው የምታለቅስ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ አንዳርጌ አልሳቁም፣ እኔም አልሳቅሁም። ማሩ የሽልማቱን ግላስ ፈረሱ ላይ ሲያለብሱለት እንኳ ዓይኑ ሰዉ መሀል የሆነ ሰው ይፈልግ ነበር። ቤት ስንገባ ነው የነገረኝ፣ ፈረሱ መሬት የሚነካ አይመስልም አለ፣ ጋላቢው ልጓሙን በሁለት ጣቱ ነው የያዘው አለ፣ «እማ፣ እኔ እኮ ግልቢያ አላውቅም ኖሯል፣ ግልቢያ እሱ ነው» አለኝ፣ የተናገረበትን መደነቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ነው። ማሩ ይበላል፣ ይሠራል፣ አልታመመም፣ ግን በየማለዳው ባጃጁን ከማስነሣቱ በፊት ሜዳው ላይ ወጥቶ ይቆማል። የዘንድሮው ግልቢያ ከነገ ወዲያ ነው። ትናንት ባለፈረሶቹ ፈረሶቻቸውን አስቀድመው አምጥተው ነበር፣ ገንዳው ዘንድ ምንም አልሆነም፣ በደንብ ጠጡ፣ ደግሞ ሁለቱም ሽማግሌዎች ልጁን ይፈልጉታል። ማሩ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ የሚያሸንፈው የትኛው ነው አላለኝም።

«እማ፣ የትኛው ነው የሚደርስበት?» አለኝ።

«ደርሰህበት ምን ልታደርግ?»

«ፊቱን አያለሁ። አምና ወደ እኔ ሊዞር ሲል ነው መስመሩ ያለቀብኝ።»

መሬቱን አይቼው ነበር። የአምባላዩ የኋላ እግር ሁለት ጣት ነው የሚያልፍ። የዳማው ግን አንድ ስንዝር አልፏል፣ እድሜ ሲጨምር እርምጃ ማጠር ሲገባው ረዝሟል፣ ከዚህ የሚበልጥ ዱካ ያየሁት ያኔ አንድ ቀን ብቻ ነው። ዳማው ይደርስበታል። ልጄ ፊቱን ያያል። ካየ በኋላ ወደ እኔ ይመለስ አይመለስ የሚነግረኝ ሰው የለም፣ ንስሐ አባቴን ጠይቄ ጸልዪ ብቻ ነው ያሉኝ።

«አምባላዩን ያዝ» አልኩት።

ትንሽ አየኝና፣ «እሺ እማ» ብሎ ገብቶ ለአያ ሞላ ቃሉን ሰጠ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ፣ አንድም ቀን ዋሽቼው ስለማላውቅ። በአምባላዩ ከሆነ ፊት አይሆንም፣ ዘንድሮ ከወገራ የመጡት ፈረሶች ይበልጡታል፣ መሀል ላይ ነው የሚሆነው፣ አባቱ በነበረበት። ከፊት ባደርገው ያ ፈረሰኛ አለ፣ መሀል ባደርገው ኮቴ አለ። ይህን የምጽፍላችሁ ልጅ ያላችሁ ካላችሁ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ፈረስ ትሰጡት ነበር ብዬ ነው። እስከ ነገ ማታ ድረስ ቃሉን ቢለውጥ ሽማግሌዎቹ አይቀየሙትም፣ እኔም እስከ ነገ ማታ ድረስ እውነቱን ልነግረው እችላለሁ።