የተቆረጠው ውቅያኖስ

«ሳቢው እንጂ መቀሱን! ቲቸር ካርታውን እንድንቆርጥ ፈቅዶልናል አልኩሽ እኮ» አለ ቱሪናፋ።

ልጅቷ አመነታች። መስመር የፀጉር ያህል ዝንፍ ካለ ምግብ ስለማይበላላት ክፍሉ በሙሉ «ሚሊሜትር» ይላታል። ቱሪናፋ ደግሞ «አጎቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ከአልጋው ተወርውሮ ጎረቤት ቤት ቁርስ ላይ ደረሰ» ብሎ የማለ ልጅ ነው። እሱን ማመን ከባድ ነው፤ ግን ሥራውን የማስረከቢያው ሰዓት እየደረሰ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ እሳተ ገሞራዎቹንና የመሬት መንቀጥቀጦቹን መምህሩ ከሰጣቸው ዝርዝር እየለቀመች የዓለም ካርታው ላይ በቀይ ነጥብ አስቀምጣለች። ነጥቦቹ የምድር ቅርፊት ክፋዮች፣ ፕሌቶች፣ በሚገፋፉበት ድንበር ተሰልፈው ፓስፊክን መክበብ ነበረባቸው። ካርታው ግን ፓስፊክን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በግራ ጠርዝ፣ ግማሹን በቀኝ ጠርዝ አንጠልጥሎታል። የእሳት ቀለበት የተባለው የተሰበረ ሳህን መሰለ።

በንዴት መቀሱን ሳበችው። አትላንቲክ ላይ ቆረጡት፤ ግራና ቀኙን አቀያይረው ጠርዞቹን በፕላስተር አጋጠሙ። ነጥቦቹ ከቺሊ ተነስተው፣ በአላስካ ዞረው፣ በጃፓን በኩል እስከ ኒውዚላንድ ወረዱ። ሚሊሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

በሩ ተከፈተና የጂኦግራፊ መምህሩ ገባ።

«ይሄ... ይሄ የትምህርት ቤቱ ካርታ አይደለም? አንድ ለእናቱ የሆነው? ማነው የቀደደው?»

ሚሊሜትር ወደ ቱሪናፋ ዞረች። እሱ ግን ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«የጽዳቷ እትዬ ናቸው ቲቸር! ጠዋት ሲያጸዱ የመወልወያው እንጨት ጠለፈው። ሲቀደድ ድምፁ ጣሪያ ላይ ያሉትን እርግቦች አስበረገገ! እኛማ አዝነን ነው በፕላስተር ያከምነው።»

«ባለፈው ወር ሉሉን ሰበሩ፣ ዛሬ ደግሞ ካርታውን!» መምህሩ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረ። «አሁንስ በቃኝ፤ ለርዕሰ መምህሩ ነው የምናገረው። ሌላ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጉ!»

በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

«አልፈቀደልንም ማለት ነው» አለች ሚሊሜትር።

«ብንጠይቀው ይፈቅድ ነበር፤ ያው ነው። ዝም በይ አቦ! ሥራው ሠላሳ ማርክ እኮ ነው፤ ደግሞ ቀለበቱ እንዴት እንዳማረ እዪው!»

ማማሩ ነበር ይበልጥ ያበሳጫት። እትዬ ዛሬ ጠዋት «ስሩ እናንተ፣ እኔ ኋላ እመለሳለሁ» ብለው ክፍሉን ሳያጸዱ ነው የሄዱት። ቱሪናፋንም ራሷንም አንድ ላይ ጠቅልላ በመስኮት ብትወረውር ደስ ባላት።

ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?»

«ርዕሰ መምህሩ ቢሮ።»

«ልታስበዪኝ?!»

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ነው የምናገረው። ያንተን አንተ ተናገር።»

«ሚሊ! እሺ ትንሽ ቆዪ፣ ሌላ ነገር ላስብ...»

አልቆየችም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የመምህሩ ጀርባ ሊሰወር ሲል ታያት። ከኋላዋ ኮቴ ይሰማ አይሰማ ሳታዳምጥ፣ ሮጣ ልትደርስበት ተንደረደረች።