ኖራ የተቀቡት ጣሳዎች

የካክተሶቹን ስም ያጠፋችው የምንትዋብ እናት ናት። ለፋሲካ ግቢውን ኖራ ስትቀባ ባልዲው ውስጥ ጥቂት ተረፋት፤ የተረፈ ነገር መድፋት ደግሞ አትወድም። ካክተስ ተተክሎባቸው በረንዳው ላይ የተደረደሩትን የዘይትና የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች አንድም ሳታስቀር ነጭ አደረገቻቸው። በማርከር የተጻፈው ስም ሁሉ ከሥር ቀረ። ምንትዋብ በሽቦ ብትፈትገው ኖራው ማርከሩን ይዞት ተላጠ።

«ኖራ ቀባሁ እንጂ ሰው አልገደልኩ!» አለች እናቷ እማዋይሽ። «ደሞ እሾህ ምን ስም ያስፈልገዋል? ፍየል እንኳ ስሙን ሳትጠይቅ ነው የምታልፈው።»

«ቅዳሜ ኤግዚቢሽን አለብኝ፣ እማዬ!»

«እና? ነጭ ሆነው ይሂዱ። አምረዋል።»

ካክተሶቹ የሲስተር ይመኙሻል ነበሩ። ሲስተር እዚያው ግቢ ተከራይታ የኖረች ነርስ ናት፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትዛወር አልጋዋን ሸጣ ጣሳዎቹን ለምንትዋብ ትታ ሄደች። ምንትዋብ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከጓደኛዋ ከሰርክአዲስ ጋር ሆና ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን የምታቀርበው እነዚህኑ ነው። ያሸነፈ ቡድን ወልዲያ ሄዶ ይወዳደራል። ምንትዋብ ደግሞ ከሰቆጣ ወጥታ አታውቅም፤ የወልዲያ አውቶብስ ከመናኸሪያ ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው።

ፎቶ አንስታ ለሲስተር ላከች። ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር አንዳንድ መልስ ጠብ ይላል። ሲስተር በድምፅ አስረዳቻት፤ የካክተስ እሾህ ዝም ብሎ ከገላው አይወጣም፣ ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚበቅለው። በለስን ማሰብ በቂ ነው። በለስን ለምንትዋብ ማን ያስተምራታል? ጣቷ ላይ የቀረ ረቂቅ እሾህ በጥርሷ ስትነቅል ነው ያደገችው። ጣሳዎቹን ፀሐይ ላይ አውጥታ ነጥቧን ፈለገች፣ የእሾሁን አቀማመጥ አየች፣ ከፎቶ ጋር አስተያየች። ድቡልቡሎቹ ተለዩ። ጠፍጣፋዎቹም ተለዩ። ሁለት ጣሳዎች ግን እምቢ አሉ።

«እነሱ ካላበቡ አይለዩም» ብላ ጻፈችላት ሲስተር። «እኔም ጥያቄ ምልክት ነበር ያደረግኩባቸው።»

ከሁሉም ስለሚረዝመው፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑ፣ ግን ምንም መልስ አልመጣም። ኔትወርኩ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉንም በለስላሳ መጠጥ ሳጥን አድርጋ በባጃጅ ትምህርት ቤት ወሰደቻቸው። አርብ ከሰዓት ላቦራቶሪ ስትገባ ሰርክአዲስ ጨርሳ ጠበቀቻት። በየጣሳው ላይ በኮምፒዩተር የተጻፈ ስም ተለጥፏል፤ እምቢ ባሉት ሁለቱ ላይም ጭምር። ረጅሙ መሀል ላይ ቆሞ «ሴሬየስ ፔሩቪያኑስ» ተብሏል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከጎግል። ከካክተስ ስሞች አሪፍ አሪፉን መረጥኩ።»

«ፎርጅድ ነዋ!»

«አታካብጂ። ላቲን ነው አቦ፣ ማን ያነበዋል? ወልዲያ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ምንትዋብ ረጅሙን ጠጋ ብላ አየችው። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወጥቷል፤ ጥጥ የምትመስለው ነጥብ የለችም። ከቦርሳዋ መርፌ ቁልፍ አውጥታ ጠርዙን ወጋ አደረገችው። ነጭ ወተት እንክብል ብሎ ወጣ።

ሰርክአዲስ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያንን ወተት የማያውቅ የሰቆጣ ልጅ የለም፤ ዓይንሽን እንዳይነካሽ እየተባለ ነው ሁሉም የሚያድገው።

«ካክተስ አይደለም፣ ሰርኬ። እዚህ አጥር የምናደርገው የቁልቋል ዘመድ ነው።»

«ታዲያ ለምን ወጋሽው! ማን አይቶት ነበር?»

በዚህ መሀል የባዮሎጂ መምህራቸው መምህር ደግሰው የጠረጴዛ ጨርቅ በክንዳቸው አንጠልጥለው ገቡ። ምንትዋብ ወተቱን አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ልክ ነሽ» አሉ ቀና ሲሉ። «ግን ጠረጴዛውን የሞላው እሱ ነው። የወጋሽውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሪው።»

«ስሙስ?»

«እንዳለ ይሁን።»

«ሁለቱ ላይስ ‹አይታወቅም› ብዬ ልጻፍ?»

«እንግዳ ጠርቼ ‹አይታወቅም› ልበል? ከዞን ሰው ይመጣል፣ ልጄ። ነገ ማንም መርፌ ይዞ አይመረምርም።»

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ገምተን ስንጽፍ ኤክስ ያደርጉብን የለ?»

«ባዶ ለተወም እኮ ዜሮ ነው የምሰጠው።»

ሰርክአዲስ ሳቋ አመለጣት።

«እሺ» አለች ምንትዋብ። «ዜሮውን ይስጡኝ።»

ስሞቹን መላጥ ጀመረች። የላጠችውን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ በመስመር ደረደረች፤ ጣሳዎቹን ወደ ሳጥኑ መለሰች። መምህር ደግሰው ጨርቁን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ምንትዋብ፣ ከዚህ ይዘሽ ከወጣሽ ወልዲያ የሚባል ነገር የለም። ቀልድ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም።»

«ምንቴ፣ በናትሽ!» ሰርክአዲስ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ነገ ምን ላቀርብ ነው?»

«ስሞቹ አሉልሽ።»

ሳጥኑን በሁለት እጇ አነሳች። ከበዳት። አንዱ እሾህ አገጯን ቧጠጣት፤ ሳጥኑን ግን አላስቀመጠችም። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፣ ከኋላዋም በተረከዟ ዘጋችው።