ለነገ የተባለው ሸራ

«ኧረ አስካለ! ሻማው ሰገደላችሁ!»

ከእነአስካለ ሱቅ አጠገብ ቲማቲም የምትቸረችረው ራቢዓ ናት፤ የክፍል ጓደኛዋ። አስካለ ዞር ስትል እውነትም መደርደሪያው ላይ የቆሙት ሻማዎች ወገባቸው ታጥፎ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሳቂ አንቺ! ያንቺስ ቲማቲም ድልህ ሆኖ የለ?»

«ወላሂ፣ ወጥ ሊሆን ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው!»

የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ረፋዱን ከሱቁ ጀርባ ነው የምትውለው። ከምሳ በኋላ ግን አስፋልቱን ተሻግራ ሳትጠራ ትገባለች፤ ሳሙናውን ትሰነጥቃለች፣ አቡጀዲውን ታወይባለች። እስከ ትናንት የሚመክታት የአስካለ ታላቅ ወንድም ዘርጋው ከስንዴ ጆንያ የሰፋው መጋረጃ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ በተነሳበት ሰሞን፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲሰቅለው እናታቸው ከታች «ዘርጋው! ዘርጋው!» እያለች ብትጮህ፣ «እየጠራሽኝ ነው ወይስ እያዘዝሽኝ?» ብሎ ገበያተኛውን ሁሉ አስቆ ነበር። ያንን መጋረጃ ትናንት የተነሳው ነፋስ ከመሃል ቀደደው።

እናቷ ወይዘሮ ዘነበች የታጠፈ ካኪ አቅፋ ጥላ ፍለጋ ሱቁ ውስጥ ትዞራለች። ያ ጨርቅ አይሸጥም። ዘርጋው ሲመለስ ሱሪ የሚሰፋለት ነው።

«ይኸው፣ ጫፉን ነካችብኝ!» አለች። «ሂጂ እስቲ ለጋሽ ሽፈራው ንገሪያቸው። የእድሩን ሸራ ለዛሬ ያውሱን። ልቅሶ የለ፣ ጡሩንባ አልተነፋ፤ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።»

«ሰው ልቅሶ ቤት ይመስለዋል እኮ፣ እማዬ።»

«ይምሰለው! ፀሐይ ከምትጨርሰኝ።»

ጋሽ ሽፈራው የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ናቸው። አስካለ ስትደርስ ሸራውን ግቢያቸው ውስጥ አንጥፈው አቧራውን ያራግፋሉ፤ ካስማዎቹም ከመጋዘን ወጥተው ተከምረዋል። ተዘጋጅቶ ስታገኘው ደስ አላት።

«ጋሼ፣ እማዬ ሸራውን ለዛሬ አውሱን ብላለች። ፀሐዩ ዕቃ ጨረሰብን።»

«አይሆንም ልጄ» አሉ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። «ነገ ሳይነጋ እናንተው ደጅ ስለሚተ…»

ቃሉን ዋጡት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

አስካለ መጀመሪያ አልገባትም። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ከዚያ ሸራ ይወጣል። ጡሩንባ ሳይነፋ በዝምታ የሚዘጋጅ ሸራ ግን የመርዶ ነው፤ በሩቅ ለሞተ፣ ቤተሰቡ ገና ላልሰማ ሰው። ከነሱ ቤት ደግሞ ሩቅ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ… ዘርጋው ነው?»

ሽማግሌው የካስማው ክምር ላይ ተቀመጡ። «አፌን ይቁረጠው! አጎቶችሽ ከማጀቴ ከተማ እየመጡ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ባለበት ይነገራታል። እናት ብቻዋን ሆና መርዶ አትሰማም። ቻይው፣ የኔ ልጅ። እስኪነጋ ብቻ ቻይው።»

እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። ራቢዓ «ሸራው የታለ? በልተሽው መጣሽ?» ብትላትም አልፋት ሱቁ ገባች።

እናቷ ካኪውን በነጠላዋ ሸፍና፣ የራሷን ፊት ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለች።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ፀሐዩ ነው።»

«ሸራውስ?»

አስካለ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ብታወጣው ይቀልላት ነበር። የእናቷን እጅ አየች፤ የካኪውን እጥፋት ቀስ እያለ ያስተካክላል።

«ነገ…» አለች። «ነገ እነሱው ተሸክመው ያመጡታል።»

«እሰይ! እኔ እኮ ደግ ሰው ናቸው እላለሁ። በይ አረፍ በይ፣ ለዛሬ እንደምንም ነው።»

አስካለ ግን አላረፈችም። የጆንያ መርፌና ሲባጎ ፈልጋ አወጣች። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የተቀደደውን መጋረጃ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ሸራ ሊመጣ ምን ያደክምሻል?»

«ለዛሬ ይሁነን፣ እማዬ።»

ጥላዋ እናቷ ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ፈቀቅ አለች። ከዚያ ወንድሟ የወጋውን የድሮ ቀዳዳ በጣቷ ፈልጋ መርፌውን አስገባች።