የሬዲዮ አዛውንቶች

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ በግልጽ ይናገሩ» አለ ማሽኑ ለሦስተኛ ጊዜ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ማይኩ ፊት የቆሙት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አይ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» አሉት ማሽኑን፣ በተኮላተፈ አንደበት። «ከታመምኩ ወዲህ ምላሴ ተሳስሯል። ይቅርታ ልጄ።» የመጡት መታወቂያ ለማሳደስ ነበር።

ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣ የምታየው ተማሪዋ ሬዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሽማግሌው አያቷ ናቸው። የሰው ድምፅ ማስመሰል ስለሚሆንላት ነው የክፍል ልጆች ሬዲዮ ያሏት። ወይ ጉድ! ይኸው ሙያዋ ጉድ አፈላ።

ጽሕፈት ቤቱ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማስገባት አቅዶ፣ የትምህርት ቤቱን የቴክኖሎጂ ክበብ «ማሽኑ የአዛውንቶችን አነጋገር እንዲማር፣ ሰልፍ ላይ ያሉትን ድምፃቸውን ቅዱልን» ብሎ ነበር። ሬዲዮና ጓደኛዋ ግን ፀሐዩንም ሰልፉንም አይተው ሰነፉ። መኝታ ቤት ገብተው በር ዘጉና፣ ሬዲዮ አንዴ ሽማግሌ አንዴ አሮጊት እየሆነች ቀዱ። በሳቅ ሊሞቱ! ከቀረጹት ውስጥ የሚኮላተፍ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው አንድም አልነበረም።

«ማሽኑ እኮ ስንትና ስንት አዛውንት ሰምቶ ነው የተማረው» አሉ የዛሬውን ሙከራ የሚመሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። «ለአንድ ሰው ብለን እቅዳችንን አናዘገይም። ከሰኞ ጀምሮ መስኮቶቹ ይዘጋሉ፤ ባለጉዳይ ሁሉ የሚስተናገደው በማሽኑ ነው።»

አያቷ ባርኔጣቸውን እያሻሹ አጠገቧ ተቀመጡ። «እንግዲህ አንቺ ታናግሪልኛለሽ» አሏት ቀስ ብለው። «ያንቺን አፍ ማን ይችለዋል፣ የኔ ልጅ።»

ሬዲዮ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሁኔታዋ ያላማራት ጓደኛዋ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አታካብጂ በናትሽ! ማን ያውቃል? ዝም በይ።»

እውነት ነው፣ ማንም አያውቅም። አያቷ ግን ጥፋቱን ለራሳቸው ወስደውታል። ሬዲዮ ተነሳች። ማይኩ ጋ ደረሰችና፣ በቀረጻው ቀን እሷንና ጓደኛዋን ባሳቃቸው የሽማግሌ ድምፅ «ልጄ፣ መታወቂያዬን ላሳድስ ነበር» አለች።

«እሺ አባቴ፣ አሁኑኑ አድስልዎታለሁ» አለ ማሽኑ።

ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ኃላፊው ወደ ማይኩ ቀረቡ።

«ያመጣንላችሁ አዛውንቶች በሙሉ እኔ ነኝ» አለች ሬዲዮ፣ አሁን በራሷ ድምፅ። ከዚያ እንደምንም ዞራ አያቷን አየቻቸው።

«አባባ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»